ወለል የሌለው ውሃ

ጥቅምት 6

ለምወድዎ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎን ሳያምዎ፣ ድምፅዎ ሳይዘጋ፣ እንደ ልማድዎ የመዋኛ ገንዳው ዳር ቆመው ልጆቹን እያንጫጩ ያግኝዎ። እኔ ከናፍቆትዎና ከሥራ ብዛት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን እስካለፈው ሰኞ ነው። ከሰኞ ወዲህ ጉድ ፈልቶብኛል።

እዚህ በሰው አገር ተቀጥሬ የማሳድጋትን ልጅ ያውቋታል፤ ትንሿ እያልኩ የምጽፍልዎ። ስምንት ዓመት ሊሆናት ነው። እናቷ መንታ አርግዛለች። መንታዎቹ መጥተው ቤቱ ከመተራመሱ በፊት ልጅቷ ደስ ይበላት ተብሎ በጥር መጀመሪያ ወደ አንዲት ሞቃት ደሴት ለእረፍት ልንሄድ ነው። እስከዚህ ድረስ እሰይ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። እዚያ ደሴት አጠገብ ዌል ሻርክ የሚባል ዓሣ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው አሉ፣ አውቶቡስ ያህላል፤ ሰው ግን አይበላም። እንግዶች የውሃ መነጽር አጥልቀው፣ መተንፈሻ ቱቦ ነክሰው፣ ከጎኑ ይዋኛሉ። ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም። እናትየዋ በሆዷ ምክንያት ከጀልባው አትወርድም፣ አባትየው በሥራው ምክንያት ከነጭራሹ አይሄድም። ታዲያ ከትንሿ ጋር ማን ይግባ? ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ስቀጠር «ዋና ትችያለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ያሳደጉኝ አክስቴ የዋና አስተማሪ ናቸው» አልኩ። ይህ ውሸት አለበት? የቀረውን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። እርስዎ ግን ያውቁኛል። እዚያ ገንዳ ዳር አድጌ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ረጥቤ አላውቅም። ፎጣ ስይዝና የሰው ልጆች ጫማ ስጠብቅ ነው ያደግሁት፤ ድመት ብለው የሰየሙኝም በዚሁ ነው።

እውነቱን ልናገር ብል ከሥራዬ መባረሬ አንድ ነገር ነው። ሌላው ትንሿ ናት። መንታዎቹ ከመጡ ማንም ዞር ብሎ እንደማያያት ገብቷታል። «ከዚያ በፊት አንቺና እኔ ዓሣውን እናያለን» እያለች አንጀቴን ትበላዋለች። እኔ ካልገባሁ እሷም አትገባም።

ስለዚህ በደብዳቤ ያስተምሩኝ። አይሳቁ! እባክዎ ስልክ ግን አይደውሉ። ስልኩ ሳሎን መሃል ነው፣ ትንሿ ደግሞ ቋንቋችንን ለቃቅማ ይዛዋለች፤ የሰማችውን ሁሉ እንደ በቀቀን ትደግማለች።

ድመትዎ

ጥቅምት 27

ለድመቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው፣ ድምፄም ከፊሽካዬ ይሻላል። ፊሽካዬማ ውስጧ ያለችው ፍሬ ወድቃ ባዶ ትንፋሽ ሆናለች፤ ስነፋት ልጆቹ ይስቁብኛል። እዚያ የተሻለ ከተገኘ አንድ ላኪልኝ።

ደብዳቤሽን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩና እጄን በአፌ ጫንኩ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዋና ሳስተምር የገዛ ልጄ ፎጣ ታቅፋ ቀረች፣ ይባስ ብላ አሁን ባሕር ልትገባ ነው! ምን ቆርጦሽ ነው? መጀመሪያ የምልሽን ስሚ። አሠሪሽን ሴትዮዋን አስቀምጠሽ «አልችልም» በያት። እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ቀጥዬ ልጻፍ።

ሳፋ ሙሉ ውሃ ቅጂ። ፊትሽን እስከ ጆሮሽ ነክረሽ በአፍሽ እያጉረመረምሽ አየሩን አውጪ። ስትስቢ ቀና በይ። አፍንጫሽ ውስጥ ውሃ ገባ ብለሽ እንዳታለቅሺ፤ ይገባል፣ ይወጣል። ይህን ሳትሰለቺ ከሠራሽ በኋላ ቱቦውን ነክሰሽ ሞክሪው። ቱቦ ያለው ሰው ቀና ማለት የለበትም፣ ግን በዝግታ ካልተነፈሰ ደረቱ ይጠበዋል።

ከዚያ ጀርባሽ ላይ መተኛት ነው። ጆሮሽ ይነከር፣ አገጭሽ ወደ ላይ ይሁን፣ ሆድሽን ለሰማይ ስጪ። ልጆቹን «ሆድሽን ለሰማይ!» እያልኩ ስጮኽባቸው የምትሰሚው ይህንኑ ነው። ሰውነትሽን ካላላሽው ውሃው ይሸከምሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢ። ሲጨንቅሽ እግርሽን አውርደሽ ቁሚ። ሌላ ምንም አታስቢ። ማንም ተማሪ እግሩን ሳያረጥብ በፊት ሦስቴ አስብለዋለሁ፦ ሲጨንቀኝ እግሬን አወርዳለሁ፣ እቆማለሁ። አንቺም ማታ ስትተኚ በይ፣ ዕቃ ስታጥቢ በይ፣ እግርሽ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ። በዚህች ቃል ምክንያት አንድም ልጅ ከእጄ አምልጦኝ አያውቅም።

የዓሣውን ሥዕል ላኪልኝ። ምን ዓይነት አውሬ ጋ እንደምልክሽ ልየው።

አክስትሽ

ኅዳር 18

ለምወድዎ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ድካምዎን ሁሉ ያቅልልዎ። ፊሽካዎን ትናንት ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁት፤ ሻጩ እዚያው ነፍቶ ሲያሳየኝ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ክው ብሎ ዞሯል። ሥዕሉንም ትንሿ ከመጽሐፏ አይታ ራሷ ሥላልዎታለች። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ነው ያስቀመጠችው፣ ስለዚህ እንዳይጥሉት።

ሳፋውን መታጠቢያ ቤት ዘግቼ ጀመርኩት። በሁለተኛው ቀን ፊቴን ነክሬ ሳጉረመርም በሩ ተከፍቶ ኖሯል። ትንሿ ከኋላዬ ቆማ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ «ለማንም አልናገርም» አለችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። እሷ ገና ከመራመዷ በፊት ዋና የተማረች ናት። አሁን ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ እንዳነብላት ታደርገኛለች፣ ከዚያ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በእኛ ቋንቋ «ሆድሽን ለሰማይ!» ትላለች። ድምፅዋን እንዲያው እንደ እርስዎ ታወፍረዋለች፤ እርስዎን አይታ የማታውቅ ሰው እንዲህ ስትሆን ሳይ አንዳንዴ እፈራታለሁ።

በእረፍት ቀኔ የሰፈሩ መዋኛ ይዣት እሄዳለሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። ባለፈው ፊቴን ነክሬ በቱቦ እየተነፈስኩ የእግሬን ጣቶች አየኋቸው፣ የሰው የፀጉር ማስያዣም ወለሉ ላይ ወድቆ አየሁ። ቢያምኑኝም ባያምኑኝም ደስ አለኝ። ሲጨንቀኝ እግሬን አወርዳለሁ። ወለሉን ስነካ ነፍሴ መለስ ትላለች። አሁንማ ሳላስበው ነው የሚወርደው፣ እንዳሉት ሆኗል።

ሴትዮዋ አንድ ቀን መጥታ ከዳር አየችን። ደስ ብሏት ተመለሰች። ለጀልባው ሰዎችም ዋናተኛ ናት ብላ አስመዝግባኛለች። ዋና የማይችል ሰው ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ከጀልባው ጎን ገመድ ይዞ ይቀራል እንጂ ወደ ዓሣው አይሄድም አሉ። ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ትንሿ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

ድመትዎ

ታኅሣሥ 12

ለድመቴ፣ ከእንግዲህስ ድመት ልበልሽ?

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለዚያችም ቀበጥ ሰላም በይልኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ትኬት ቆራጯን፣ ክሎሪን የሚጨምረውን፣ በር ላይ የሚቆመውን ሁሉ ጠርቼ አነበብኩላቸው። «ፎጣ ያዧ ዋኘች!» ተብሎ ተሳቀ። የዓሣውን ሥዕል ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ለጥፈነዋል። አፉ የጋራዥ በር ይመስላል፣ ዓይኑ ግን የዋህ ነው። ፊሽካው ገና አልደረሰኝም። እስከዚያው በጭብጨባ እየሠራሁ ነው። ገንዳችንም የወለሉ ንጣፍ ስለተነሳ ውሃውን እያፈሰሱት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እረፍት አለኝ። የሚቀጥለው ትምህርት

በማግስቱ

ትናንት ይህን ስጽፍ ተጠርቼ ተነሳሁ። አሁን ልቀጥል።

ንጣፍ ሠሪዎቹ የትኛው ቦታ እንደተነሳ አሳዪን ብለው ነበር የጠሩኝ። ገንዳው ባዶ ነው። በመሰላሉ ወርጄ ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው ጫፍ ተራመድኩ፤ ውሃ ሳይኖርበት ረግጬው አላውቅም ነበር። ጥልቁ ጫፍ ደርሼ ቀና ስል ጠርዙ ከራሴ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩበት ውሃ ይኸው ነው። ወለሉን በጫማዬ መታ መታ አደረግሁት። ያን ጊዜ ቀልቤ ተገፈፈ።

የኔ ልጅ፣ ባሕሩ ወለል የለውም።

እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በሥዕል ነው የማውቀው፣ በሥዕል ደግሞ የሚታየው ላዩ ብቻ ነው። በጥልቅ ውሃ ላይ ተኝቶ እግሩን ያወረደ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚሰምጠው። እኔ ደግሞ ተኝተሽም በይው አልኩሽ፣ እግርሽ ራሱ ይወቀው አልኩሽ! አንቺም አወቀው ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ እኔ ሞኟ ይህን ለሰው እያነበብኩ እስቃለሁ።

እግርሽን አታውርጂ። ሲጨንቅሽ ተገልብጠሽ ጀርባሽ ላይ ተኚ፣ ቱቦውን ትፊው፣ ሆድሽን ለሰማይ። እግርሽን አታውርጂ። ብርቱካናማውን ጃኬት ልበሺ፣ ማንም ይሳቅብሽ። ለሴትዮዋም ንገሪያት። ይህን ይዤ አሁኑኑ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ፤ ወረቀቱን ለማሳመር ጊዜ የለኝም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 28

ለልጄ፣

በሰላም ያቆይሽ። ሌላ ምርቃት ዛሬ አልመጣልኝም።

ደብዳቤዬ እንደማይደርስ ገብቶኛል። «አይደውሉ» ብለሽኝ ነበር፤ ደወልኩ። የስልክ ቤቷ ልጅ ቁጥሩን ደውላ አገናኘችኝ። አንድ ወንድ አነሳ፤ አባትየው መሆን አለበት። እሱ በቋንቋው፣ እኔ በቋንቋዬ። «እግር! እግር!» እያልኩ ጮኽሁ፤ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እግሬን አየ። ኋላ የስልክ ቤቷ ልጅ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በቋንቋው አነጋገረችውና «ዛሬ ጠዋት ሄደዋል ይላል» አለችኝ።

ቆሜ አሰብኩ። ብነግረው ሥራሽን አሳጣሁሽ፣ ባልነግረው ደግሞ። ከዚያ ትባረር፣ ነፍሷ ትትረፍልኝ አልኩና «ዋና አትችልም በይው» አልኳት። ልጅቷ መናገር ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላውቅም። ደግመን ደወልን፣ ሲጠራ ዋለ እንጂ የሚያነሳ የለም።

አሁን ቤቴ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ። ለምን እንደምጽፍ እንጃ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ወይ አንብበሽ ትስቂብኛለሽ፣ ወይ የሚያነበው የለም።

አክስትሽ

ጥር 4
(በፖስት ካርድ ጀርባ)

ለአክስቴ፣ ከሞቃቷ ደሴት ሰላምታዬ ይድረስዎ! ክፍላችን ከአሸዋው ላይ ነው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ እያቃሰተ ይዞራል። ትንሿ መነጽሯን አጥልቃ ነው የምትተኛው። ነገ ጠዋት ጀልባው ይወስደናል። አይስጉ። ሲጨንቀኝ እግሬን አወርዳለሁ። ዛሬም ሦስቴ ብያለሁ። ድመትዎ

ጥር 19

ለምወድዎ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ በሰላም ተመልሰናል። ደብዳቤዎችዎ ከበሩ ጀርባ ተከምረው ጠበቁኝ፣ ሁሉንም አነበብኳቸው። ስለ እግር የጻፉትንም አንብቤአለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ደሴቷ በጣም ቆንጆ ናት። አሸዋው ነጭ ነው፣ እግር ያቃጥላል። ጀልባው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሴትዮዋ ስታስመልስ ነው የደረስነው። ዓሣውን አየነው። ግራጫ ነው፣ ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት፣ ልክ ትንሿ እንደሣለችው። አፉን ከፍቶ ውሃውን እየጠጣ በዝግታ ነው የሚሄደው፣ ሥራ ያልቸኮለበት ሰው ይመስላል። ትናንሽ ዓሦች ከሆዱ ሥር ተለጥፈው አብረውት ይሄዳሉ። ትንሿ በቱቦዋ ውስጥ ስትስቅ ይሰማል፣ ውሃ ውስጥ ሳቅ እንዴት እንደሚያስቅ ቢሰሙት! የባሕሩ ቀለም ደግሞ በቃል የሚነገር አይደለም።

ሴትዮዋ ሆዷ ከብዷል፣ ብዙ አታወራም። እዚህ ብርዱ በርትቷል። ፊሽካው ደረሰዎ?

ድመትዎ

ጥር 23

ለልጄ፣

ካርድሽ ዛሬ ደረሰኝ። ከላዩ የዘንባባ ዛፍ አለ። ጀርባውን ሳነብ ወሽመጤ ተቆረጠ። «ነገ ጠዋት» ብለሻል። ያ ነገ ካለፈ ሰነበተ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ የለም። ሥዕሉንም ከትኬት መስኮቱ ላይ ነቀልኩት፣ ዓይኑ ያየኝ እየመሰለኝ። ዝምታሽ የፖስታ መዘግየት ብቻ ያድርግልኝ። ፎቶም፣ ዕቃም፣ ምንም አልፈልግም። አንድ መስመር ብቻ።

አክስትሽ

የካቲት 10

ለልጄ፣

በሕይወት መኖርሽን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽ ሲመጣ የፖስታውን ጽሕፈት አይቼ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጎረቤት ውሃ አመጣልኝ።

ከዚያ ከፍቼ አነበብኩት። አንቺ ልጅ፣ እኔን ማን መሰልኩሽ? ስለ ዓሣው ነጠብጣብ ገጽ ሙሉ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ናፍጣው፣ ስለ እግርሽ ግን ግማሽ መስመር። እኔ ልጆቼን አውቃቸዋለሁ። ውሃ የዋጠ ልጅ ከገንዳ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያወራልኝ ስለ ሌላ ነገር ነው። ግድግዳው ምን ቀለም ነው ይለኛል፣ ያንቺ ካልሲ ያምራል ይለኛል። ያን ጊዜ ጀርባውን መታ መታ አደርገዋለሁ። አንቺን በደብዳቤ እንዴት ልምታሽ?

ፊሽካው ደርሷል። ከነመጠቅለያው መሳቢያ ውስጥ አለ፣ አልነፋሁትም። ገንዳው ተጠግኖ ውሃ ሞልቷል። ለአለቃዬ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ልጆቹን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ጉልበቴን አላመመኝም። እዚያ ዳር ቆሜ ለአንድ ልጅ «እንዲህ በል» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ እንጂ። ምን እያልኩት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ስለዚህ እንዳላዝን ብለሽ አትሸፋፍኚልኝ። አንድ ነገር ነው የምጠይቅሽ። እግርሽን አውርደሻል ወይስ አላወረድሽም?

አክስትሽ

የካቲት 29

ለምወድዎ አክስቴ፣

ጉልበትዎ እንዳልታመመ ስለነገሩኝ ይማርዎ አልልም። ዕድሜና ጤና ግን ይስጥዎ።

አወረድኩ።

ጀልባው ላይ ጠላቂው ሰውዬ ጃኬት እያደለ እኔ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ «እሷ ዋናተኛ ናት» አለችው። አፌን ከፈትኩ። ትንሿ እጄን ጭብጥ አደረገችው። አፌን ዘጋሁት። ገባን።

መጀመሪያ ሁሉም እንዳሉኝ ነበር። ፊቴን ነከርኩ፣ በዝግታ ተነፈስኩ፣ ትንሿ ከጎኔ ነበረች። ከዚያ ዓሣው ከሥራችን መጣ። ጭንቅላቱ አለፈ፣ ክንፉ አለፈ፣ ጀርባው አላልቅ አለ። እሱን አልፈራሁትም፤ እውነቴን ነው፣ እሱ እያለማ ከሥሬ አንድ ነገር አለ። ጅራቱ ሲያልፍ ነው የቀረውን ያየሁት። ሰማያዊ፣ ከሰማያዊውም ሥር ሌላ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር። ጣቶቼን ፈለግኋቸው፤ በገንዳው ጊዜ ከጣቶቼ ሥር ወለል ነበር። አሁን ከጣቶቼ ሥር ምንም የለም።

ጨነቀኝ፤ እግሬም ወረደ። እኔ አላወረድኩትም፣ ራሱ ነው የወረደው፣ ወለሉን ሊፈልግ። አብሬው ወረድኩ። ቱቦው ሞላ፣ ዋጥኩ። ከዚያ ሌላኛውን እግሬንም አወረድኩ፣ እሱ ያገኘው ይመስል። ወደ ላይ ብቅ ስል እንደገና ለመቆም እሞክራለሁ፣ እንደገና እወርዳለሁ። የምሞተው እዚህ ነው አልኩ። እርስዎን አሰብኩ፤ ተቆጥቼ አልነበረም፣ አክስቴ፤ ማን ይነግራቸዋል ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ጮኸች። እጅ አልሰጠችኝም፣ ይዤ እንዳላሰምጣት ራቅ ብላ ነበር፤ ይህንን የሚያስተምሯቸው ሕፃን ሳሉ ነው። «ሆድሽን ለሰማይ! ሆድሽን ለሰማይ! አይዞሽ!» በእኛ ቋንቋ፣ በዚያ በወፈረ ድምፅ፣ ቁጣው ሳይቀር የእርስዎ። ተገለበጥኩ። ጆሮዬ ተነከረ፣ ጩኸቱ ሁሉ ጠፋ፣ ሰማይ ብቻ ሆነ። ጠላቂው መንሳፈፊያ ይዞ እስኪደርስ እዚያው ተኛሁ። ውሃው ተሸከመኝ።

ጀልባው ላይ ስወጣ ለሴትዮዋ በራሴ አንደበት ነገርኳት። ዋና አልችልም፣ ችዬም አላውቅም አልኳት። ልጇን አቅፋ አየችኝ። እስክንመለስ ድረስ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ካልሆነ አላነጋገረችኝም። ሻንጣዬን ከነልብሴ ሳልፈታው አስቀመጥኩት፤ ያን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ሻንጣው አጠገቤ ቆሞ ነው። እንዴት ብዬ እውነቱን ልጻፍ?

ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ አባትየው ነገሩን አነሳው። «የሄዳችሁ ዕለት አንዲት ሴትዮ ደውላ ስትጮኽ ነበር፣ መስመሩ ተቋረጠ እንጂ ምን እንደፈለገች አልገባኝም» አለ። ምን እያለች ትጮኽ ነበር ብላ ሚስቱ ስትጠይቀው የሰማውን ቃል በተጣመመ አፉ ለማለት ሞከረ። ትንሿ ከአፉ ነጥቃ «እግር!» አለች፣ ከዚያም ተረጎመችው። ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አክስትሽ ናት?» አለችኝ። አዎ፣ እግርሽን አታውርጂ ሊሉኝ ነው የደወሉት አልኳት። ተነስታ ወጣች፣ ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ተመልሳ «ሻንጣሽን ፍቺው» አለችኝ። ሁለተኛ እንዳልዋሻት አስምላኛለች፣ ዋናም አስመዝግባኛለች። ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ነው የምማረው፣ ከሁሉም ፈሪዋ እኔ ነኝ።

የደበቅኩዎ እርስዎን ፈርቼ አይደለም። እርስዎ ገንዳው ዳር ካልቆሙ እኔ ቤቴ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ይኸው ነው። እግርሽን አውርጂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሆድሽን ለሰማይ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። እኔ ያለሁት በሁለተኛው ነው። እባክዎ ይመለሱ።

ድመትዎ

መጋቢት 20

ለልጄና ለዚያች ለትንሿ ልጅ፣

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር እንደ አንድ ልጅ ይጠብቅልኝ። ሴትዮዋንም በሰላም ያገላግላት።

ደብዳቤሽን አነበብኩ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩብሽ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ማን ይነግራቸዋል ያልሽውን ደግሜ ማንበብ አልቻልኩም፣ ያን ገጽ አጥፌዋለሁ።

ትናንት ሰው ከመግባቱ በፊት ወደ ገንዳው ሄድኩ። ልጆቹን ሳይሆን ራሴን ነበር ይዤ የሄድኩት። ጥልቁ ጫፍ ገባሁና እግሬን ሳላወርድ ጀርባዬ ላይ ተኛሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሌላውን አስተኝቼ እኔ እንደዚያ ተኝቼ እንደማላውቅ ገባኝ፤ ሁልጊዜ ዳር ቆሜ ነው። ጣሪያው ላይ የሸረሪት ድር አለ፣ አይቼው አላውቅም ነበር። ፈራሁ፣ ድመቴ። ወለሉ እዚያው እንዳለ እያወቅሁ ፈራሁ።

ዛሬ ልጆቹን ከአለቃዬ ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ መጀመሪያ የሚማሩት መተኛት ነው፤ እየያዝኳቸው፣ አንድ በአንድ። መቆም መጨረሻ ይመጣል። የድሮውን ቃል ሦስቴ ሊል አፉን የከፈተ አንድ ልጅ ነበር፣ አስቆምኩት። ምን እንበል ታዲያ አለኝ። «አይዞሽ በሉ፣ ለራሳችሁ» አልኩት። እኔ ወንድ ነኝ ብሎ ተቆጣኝ፣ አይዞህ በል አልኩት።

በዚህ ጥቅል ውስጥ አሮጌው ፊሽካዬ አለ። ለትንሿ ስጫት። ፍሬው የለም፣ አይጮኽም፤ እሷ ደግሞ ያለ ፊሽካም እንደምትጮኽ አሳይታለች። አስተማሪ ፊሽካ ሊኖረው ይገባል ብላለች በያት። ሥዕሏንም መስኮቱ ላይ መልሼዋለሁ።

አዲሱን ዛሬ ጠዋት ነፋሁት።

አክስትሽ